እትዬን ያኮረፍኩበት ሳምንት

ጡረታ ከወጣሁ አምስት ዓመት አለፈኝ። ሥራ ላይ ሳለሁ ጡረታ ማለት መስኮት ሥር ተቀምጦ መንገደኛ ማየት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ተቃራኒው ሆነ፤ ሳምንቴ በነርስነቴ ዘመን ከነበረው ይበልጥ የተጨናነቀ ነው። ሰኞ ዋና፣ ማክሰኞ ጫካ ውስጥ የእግር ጉዞ፣ ረቡዕ ከጓደኛዬ ጋር ምሳ፣ ሐሙስ ገበያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ስልክ። ዓርብና ቅዳሜ ለሐኪምና ለልብስ ማጠቢያ የተተዉ ናቸው። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፣ ከማይን ወንዝ በስተደቡብ። ወዳጆቼ ሁሉ ከወንዙ ማዶ ስለሚኖሩ «የደቡቧ እመቤት» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ ዘንድ ለመምጣት ድልድይ መሻገር ስላለባቸው ሌላ አገር የሚሄዱ ነው የሚመስላቸው።

የማወራው ግን ስለ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ባለፈው ጸደይ ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ማታ በድንገት ሞተች፤ እሑድ ተቀበረች። ወዳጆቼ ያውቁ ነበር፣ ልጄ ታውቅ ነበር፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ሳምንት እንደ ወትሮዬ ስዋኝ፣ ስሄድ፣ ስቀልድ፣ ስቆጣ አሳለፍኩት። አንባቢዬን መጨረሻው ድረስ አላጓጓም፤ ከኔ የተደበቀውን እሱ ከመጀመሪያው ይወቀው።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። የእህቴ ልጅ የደወለው ለእኔ ሳይሆን ለጓደኛዬ ነው፣ ወጉም ይኸው ነው። ሐዘንተኛው ብቻውን እያለ እንዲሰማ አይደረግም። ሰው ይሰባሰባል፣ በማለዳ በሩ ይንኳኳል፣ በዕድሜ የገፋው ይናገራል፣ የቀሩት ደግፈው ይይዙታል። እኔም እዚህ ከተማ በኖርኩባቸው ዓመታት ስንቱን ቤት እንዲህ አንኳኩቻለሁ። ነርስ ስለሆንኩ «እሷ ካልመጣች አይሆንም» ይባል ነበር። የደም ግፊት መለኪያዬን በቦርሳዬ ይዤ ከሁሉም ኋላ እገባለሁ። አንድ ደንብም ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ኦፕራሲዮን የሚጠብቅ ሰው ኦፕራሲዮኑ ሳያልፍ መርዶ አይነገረው ብያለሁ። ይህን ያልኩት ድሮ ነው፣ ለሌላ ሰው ብዬ። ያን ሳምንት ሐሙስ ዕለት ደግሞ እኔ የግራ ዓይኔን ሞራ ለማስገፈፍ ቴርሚን፣ ማለትም የሐኪም ቀጠሮ፣ ነበረኝ፣ አራት ወር ሙሉ የጠበቅኩት ቴርሚን። ወዳጆቼ ቃሌን አከበሩልኝ።

ከእትዬ ጋር የምንደዋወለው በተራ ነበር፤ አንድ እሑድ እኔ፣ አንድ እሑድ እሷ። ተራውን ያወጣችው እሷ ናት፣ እኔ «ሁልጊዜ ደዋይዋ እኔ ነኝ» እያልኩ ስለምነጫነጭ። የዚያ እሑድ ተራ የእሷ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አልጠራም። በፊተኛው እሑድ ትንሽ ተነካክተን ነበር፤ ስለ ዓይኔ ስነግራት «አንቺ ደግሞ ትንሹን ነገር ታካብጂዋለሽ» ብላኝ እኔም ቶሎ ዘግቼባት ነበር። ስለዚህ አለመደወሏ የኩራት መሰለኝ። ኦፕራሲዮኔን እያወቀች፣ ሳምንቱን እያወቀች ዝም አለች ብዬ ነደደኝ። እንግዲያው እኔም አልደውልላትም፤ ምን አባቷ፣ ታላቅ ስለሆነች ነው እንዴ ሁሌ እኔ ለማኝ የምሆነው?

በነገራችን ላይ ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ኢንጂነሩ ጓደኛዬን ወደ ጥግ ወስዶ ሲያናግራት አይቻለሁ። ኢንጂነሩ ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ ነው፤ ጡረታ ወጥቶ ኡንተርሊደርባህ ይኖራል፣ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በእሱ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ አርባ ዓመት ያለፈን ወዳጄ ናት። ተማሪዎች ሆነን በአንድ ክረምት መጣን፤ እሷ ኦስትሃፈን ወደቡ አጠገብ አንድ መጋዘን ቢሮ ውስጥ ስትሠራ ኖራ ጡረታ ወጣች፣ አሁን ቤቷ ጊንሃይም ነው። ከጥግ ስትመለስ ፊቴን ሳይሆን ጫማዬን እያየች አወራችኝ። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ማሞቂያ እየተጨቃጨቁ መስሎኝ አልጠየቅኩም።

ሰኞ ከታች ፎቅ ከምትኖረው ጀርመናዊት ጎረቤቴ ጋር መዋኛ እንሄዳለን። ባሏ የሞተባት፣ ሰማንያ የደረሰች ሴት ናት፤ ሃያ ዓመት ጎረቤት ሆነን አሁንም አንቱ ነው የምንባባለው። ጠዋት ጠዋት ገንዳው የኛ የአሮጊቶች ነው። ያን ሰኞ በሩ ላይ ስንደርስ ጓደኛዬ ካፖርቷን እንደለበሰች ቆማ ትጠብቀናለች። በሕይወቷ የዋና ልብስ ለብሳ የማታውቅ ሴት።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አልኳት።

«ልይሽ ብዬ ነው» አለች። «ሰው ሲዋኝ ማየት ለነርቭ ጥሩ ነው ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ራዲዮ።»

ገንዳው ዳር የፕላስቲክ ወንበር ላይ በሙቀቱ እያላበች አንድ ሰዓት ተቀመጠች። ብቅ ባልኩ ቁጥር ታየኛለች። ጎረቤቴ ውሃው ውስጥ ሆና «ወዳጅዎ ታመው ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለም፣ ስለ ዓይኔ ፈርታ ነው» አልኳት፣ እውነትም መስሎኝ ነበር። ትንሽም ደስ አለኝ፣ ሰው ሲፈራልኝ ደስ የማይለኝ ሰው አይደለሁም።

ማክሰኞ ኢንጂነሩ መኪናውን ይዞ መጣ። እኔ ሠፈር መኪና ማቆሚያ የለም እያለ ዓመት ሙሉ በባቡር ካልሆነ የማይመጣ ሰው ነው። «መኪናዋ ካልተንቀሳቀሰች ባትሪዋ ይሞታል» አለኝ። ሽታትቫልድ የሚባለው የከተማው ጫካ ከቤቴ ጥቂት ፌርማታ ነው፤ እዚያ ደርሰን መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ ፍለጋ ከጉዞው ይልቅ ረዘመብን። ጓደኛዬም ኋላ ተቀምጣለች። ሦስታችን በዛፎቹ መካከል ቀስ እያልን ሄድን። እኔ ስለ ፖለቲካ ክርክር ጀመርኩ፤ በወትሮው በዚህ ጉዳይ እስከ መሰዳደብ የምንደርሰው ኢንጂነሩ ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ «ልክ ነሽ» ይላል። ሦስቴ «ልክ ነሽ» ሲለኝ ተናደድኩ። የሚከራከር ሰው የሌለበት የእግር ጉዞ ምኑ ነው ጉዞ? ጓደኛዬ ክንዴን ይዛኛለች። ወትሮ በየዓረፍተ ነገሩ «በሞቴ» የምትል ሴት ናት፤ «በሞቴ ቅመሺ፣ በሞቴ ተቀመጪ» ትላለች። ያን ሳምንት ግን ቃሉ ካፏ አልወጣም። ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ረቡዕ ተራው እሷ ቤት ጊንሃይም ሄጄ ምሳ የምበላበት ነበር። እሷ ግን «አትድከሚ፣ እኔ እመጣለሁ» ብላ የጾም ወጧን በሁለት ሳህን ይዛ መጣች። ከበላን በኋላ እጅጌዋን ሰብስባ ቤቴን ታጸዳ ጀመር። መስኮት ወለወለች፣ ምንጣፍ አራገፈች፣ ከዚያ ሶፋውን ወደ ግድግዳ እንድንገፋው ጠየቀችኝ።

«ምነው፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አልኳት።

«አንድ ዓይንሽ ሲሸፈን እንዳያደናቅፍሽ ነው።»

ሻይ አፍልቼ ስንቀመጥ የእትዬን ነገር አነሳሁባት። እሑድ ተራዋ ሆኖ እንዳልደወለች፣ እስካሁንም ዝም እንዳለች ነገርኳት። ይህች ጓደኛዬ ዕድሜ ልኳን በእኔና በእትዬ መካከል አስታራቂ ነበረች። ሁሌ የምትለው «ታላቅሽ ናት፣ አንቺ ደውዪ» ነው። ስልኬንም ራሷ አንስታ ቁጥሩን የምትመታበት ጊዜ ነበር። ያን ቀን ስልኩ በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ልደውልና ልውቀሳት ብዬ እጄን ስሰድ ጓደኛዬ እጇን እጄ ላይ ጫነችው።

«ተያት» አለችኝ። «እውነትሽን ነው፣ አጥፍታለች። እሷ ትደውል። አንቺ ሁልጊዜ ለምን ትለማመጫለሽ?»

አይ ደስ ሲለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሲፈረድብኝ ኖሮ በመጨረሻ አንድ ቀን ተፈረደልኝ። ከዚያማ አፌ ተፈታ፤ ልጅ ሳለን ቀሚሴን እንደቀደደችብኝ ሳይቀር ሁሉንም ዘረዘርኩ። «ኩሩ ናት፣ ዱሮም ኩሩ ናት፣ ከእንግዲህ ስሟንም አላነሳም» አልኩ። ጓደኛዬ ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር። ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል፤ «ያ የመስኮት ማጽጃሽ ዓይን ያቃጥላል» አለች፤ አመንኳት።

ሐሙስ ኦፕራሲዮኑ ሆነ። ልጄ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጣች፣ ጓደኛዬ መጣች፣ ኢንጂነሩ መጣ። መዝጋቢዋ «አጃቢ አንድ ሰው ይበቃል» ስትል ኢንጂነሩ ጀርመንኛው እያለው እንዳልገባው ሆኖ ተቀመጠ። ሥራው ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሐኪሙ ዓይኔን ሸፍኖ ሲለቀኝ «አይሹት፣ ከባድ ነገር አያንሡ፣ አያልቅሱ» አለኝ። እኔ «የሚያስለቅሰኝ ነገር የለም» አልኩት። ልጄ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ዓርብ ጠዋት ልጄ ወስዳኝ ሽፋኑ ተነሣልኝ። እንዴት እንደሚያይ ልናገር አልችልም። የኮሪደሩ ግድግዳ ነጭ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ክሬም ነበር የሚመስለኝ። የልጄ ጠጉር ላይ ሽበት አየሁ፣ ከዓይኖቿ ሥርም የእንቅልፍ እጦት። «አንቺ አትተኚም እንዴ?» ስላት በጀርመንኛ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለችኝ። ቤት አድርሳኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲያውም ከዚህ ሁሉ በኋላ ለእትዬ ልደውልላት ነው፣ ይሁን፣ እኔ ልሸነፍ፣ ዓይኔ ያየውን ልንገራት ብዬ ስልኩን ፍለጋ ተነሣሁ።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው። ከፈትኩ። ጎረቤቴ ናት፣ በሁለት እጇ ሁለት ተጣጣፊ ወንበር ይዛለች።

«ለነገ ወንበሮቹን አመጣሁ» አለች። «አራት ሌላ ምድር ቤት አለኝ።» ከዚያ ወንበሮቹን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና «ሄርዝሊሸስ ባይላይድ» አለችኝ።

ይህን ቃል እኔ ራሴ በሥራዬ ለስንቱ ጀርመን ብየዋለሁ። ሰው ለሞተበት ሰው ይባላል፤ ለሌላ ለምንም አይባልም።

«ስለ ማን?» አልኳት።

«ስለ እህትዎ» ብላ ፊቴን ስታየው እጄን ለቀቀችው።

ኋላ እንደተረዳሁት ልጄ ሐሙስ ማታ ከእኔ ቤት ስትወጣ የጎረቤቴን በር አንኳኩታ «አክስቴ ሞታለች፣ ቅዳሜ ብዙ ሰው ይመጣልና ወንበር ያውሱናል?» ብላታለች። «እናቴ ገና አልሰማችም» አላለቻትም። መናገር የሚያስፈልገው ነገር አልመሰላትም፤ ከቅዳሜ በፊት ለእኔ አንድ ቃል እንደማይተነፈስማ ማን አያውቅም? በአማርኛ ሳናግራት በጀርመንኛ የምትመልስልኝ፣ «ፈረንጅ ሆነሻል» እያልኩ የምወቅሳት ልጄ ናት ይህን ያሰበችው። ጎረቤቴ ደግሞ የወንበሩን ጉዳይ ሰማች፣ የሐዘኑን ጉዳይ ሰማች፣ እንደ ሥርዓቷ እጄን ልትጨብጥ መጣች። የማንም ጥፋት አይደለም።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ዕንባ አልነበረም፣ ሐፍረት ነበር። ከእሑድ ጀምሮ የሞተች እህቴን አኩርፌ ነበር። እሷ አፈር ውስጥ ሆና እኔ ኩሩ እላት ነበር፣ የቀሚስ ቅዳጅ እቆጥርባት ነበር። ቀጥሎ የመጣብኝ ቁጣ ነው፣ ያውም በጓደኛዬ ላይ። መደበቋን አይደለም፣ መደበቅማ እኔ ያስተማርኳት ነው። «ተያት» ያለችኝ ግን ገደለኝ። ዝም ብትል ምን ነበረበት? ስሟን እያነሳሁ ስረግማት ከሞተች በኋላ መሆኑን እያወቀች ፈረደችልኝ። ተነሥቼ ገባሁና ስልኬን አነሣሁ፤ ደውዬ አርባውን ዓመት በአንድ ቃል ልቆርጠው ነበር።

አልደወልኩም። የምራራላት ሆኜ አይደለም። ነገ ማለዳ የሚሆነውን በደንብ ስለማውቀው ነው። አውሮፕላን ማረፊያና አረጋውያን ቤት የሚሠሩት ወጣቶች የሥራ ፈረቃቸውን ቀይረዋል፣ ኢንጂነሩ የሚናገረውን ሲያወጣና ሲያወርድ ሰንብቷል። መርዶውን ብቻዬን፣ ደረጃ ላይ፣ በጀርመንኛ ሰማሁ ብላቸው ያ ሁሉ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይጸጸታል። ልጄማ አትነሣም።

«ወንበሮቹን መልሰው ይውሰዷቸው» አልኳት ጎረቤቴን። «እዚህም አልመጡም።»

«ለምን?»

«ነገ ጠዋት ሊነግሩኝ ነው።»

«አሁን ግን አውቀዋል።»

«እነሱ አያውቁማ፣ ማወቄን።»

እንዳልገባት ፊቷ ላይ ይታያል። «እሺ፣ አልመጣሁም» አለችና ወንበሮቹን ይዛ ወረደች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ባዶ እጇን ተመልሳ ገባች፣ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው፣ እስከ ምሽት ድረስ አጠገቤ ተቀመጠች። አላወራችም፣ አላባበለችኝም፣ ደረቷን አልደቃችም። ባሌ ሲሞት እንዲህ አደረግኩ ብላም አልተረከችልኝም። ሻይዬ ሲቀዘቅዝ ሌላ ትቀዳለች፣ ዕንባዬ ሲወርድ የሐኪሙን ንጹሕ ጨርቅ ታቀብለኛለች። እንዲህ ዓይነት ለቅሶ ደራሽ አይቼ አላውቅም፤ በጣም ረዳችኝ።

አመሻሹ ላይ ጓደኛዬ ደወለች። ድምፅዋ ፍክት ብሏል።

«ዓይንሽ እንዴት ዋለ?»

«ጥርት አድርጎ ያያል።»

«አላስለቀሰሽም?»

«ምን ያስለቅሰኛል?» አልኳት፤ ጎረቤቴ ቋንቋውን ሳታውቅ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። ስልኩን ዘጋሁት። ሠላሳ ዓመት በሽተኛ ፊት ፊቴን ጠብቄ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ይህች የአንድ ደቂቃ ውሸት ግን ወገቤን ቆረጠችው።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ነቅቼ ለብሼ ነበር። ለብሼ ካገኙኝ ይጠረጥራሉ ብዬ አውልቄ የሌሊት ልብሴን መልሼ ለበስኩ፣ አልጋውንም አበላሸሁት። ሲነጋጋ ደወሉ ጮኸ። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ጥቁር ለብሰው ደረጃውን ሞልተውታል፤ ኢንጂነሩ ከፊት፣ ጓደኛዬና ልጄ ከጎኑ፣ ወጣቶቹ ከኋላ። ከፈትኩና «ምነው በደህና?» አልኩ፣ እንደሚባለው።

ገቡ፣ ታላላቆቹ ግድግዳ ይዘው ተቀመጡ፣ ወጣቶቹ ከኋላ ቆሙ። ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ከሩቅ ነው የጀመረው፤ የዕድሜን ነገር፣ የፈጣሪን ፈቃድ እያነሣ ነበር። «እንግዲህ እህቴ ሆይ፣ አንቺም ስንቱን ያጽናናሽ ነሽና» ሲል ድምፁ ተሰበረ። መጨረስ እንደማይችል አየሁ። አላስጨረስኩትም። «እትዬ» ብዬ ጮኽኩ።

ለማስመሰል ነበር ያሰብኩት፤ ከጉሮሮዬ የወጣው ግን የእውነቴ ነበር። ዓርብ ዕለት ጮክ ብዬ ያላለቀስኩት ሁሉ ያኔ መጣ። ሐኪሙ ያለውን ረሳሁት፣ ስሟን እየጠራሁ ይቅርታ እለምናት ጀመር። ስለ ምን ይቅርታ እንደምላት ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እሷም መጥታ በሁለት እጇ አቀፈችኝ፣ አፏንም ጆሮዬ ላይ አደረገችው።

«ስድስት ቀን ዋሸሁሽ» አለችኝ። «እንድትጠያት ያደረግኩሽ እኔ ነኝ። እንዳትደውዪ ብዬ ነው፣ ስልኩን ሌላ ሰው ያነሣዋል ብዬ ነው። እህል አልበላሁም፣ አልተኛሁም። ይቅር በይኝ፣ አለዚያ ደግሞ አትበይኝ።»

ቁጣዬን ፈለግኩት። ዓርብ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ለዚህች ሰዓት ብዬ ያዘጋጀሁት ቃል ነበረ። ግን እኔ የዋሸሁት ከዓርብ ቀትር እስከ ቅዳሜ ማለዳ ነው፣ ያውም አንድ የስልክ ጥሪ፤ እሱም ሊገድለኝ ምንም አልቀረው። እሷ ገንዳ ዳር፣ ጫካ ውስጥ፣ መስኮቴን እየወለወለች ስድስት ቀን ሙሉ ተሸክማው ዞራለች። ሰውነቷ በእጄ ላይ ሲከብድ ተሰማኝ፣ አጥብቄ ያዝኳት።

ከኋላ ከቆሙት ወጣቶች አንዷ «አጥብቀው ይያዟቸው፣ እንዳይወድቁ» አለቻት ለጓደኛዬ። ጓደኛዬ ግን የቆመችው እኔ ስለያዝኳት ነበር።